ግመል ሰውን በልብሱ ያውቃል

ሥራዬ ላም ማዳቀል ነው። መተማ፣ ገንዳ ውሃ ከተማ ከተመደብሁ ጀምሮ ዘር የማቀዘቅዝበትን የናይትሮጅን ዕቃዬን ከሞተር ብስክሌቴ ኋላ አስሬ ከቀበሌ ቀበሌ እዞራለሁ፤ የፕላስቲክ ጓንቴን እስከ ትከሻዬ ስቤ ሥራዬን ሠርቼ እመለሳለሁ። ሰዉ "ዶክተር" ይለኛል። ዶክተር እንዳልሆንሁ ማስረዳት ከተውሁ ቆየሁ፤ የሚሰማኝ የለም። እናቴም ጎንደር ላይ ለጎረቤት "ልጄ የከብት ሐኪም ናት" ነው የምትለው። እውነተኛውን ሥራዬን በሰው ፊት መናገር ይከብዳታል።

ግመል የመጣብኝ ሳልፈልገው ነው። አንድ ጊዜ ምሥራቅ በኩል፣ ግመል አርቢዎች አገር፣ ግመል ስለማዳቀል ስልጠና አለ ተባለ። የቢሮው ሰው ሁሉ ሙቀቱን ፈራ። አንዱ ወገቤን አለ፣ አንዱ የልጄ ክርስትና ነው አለ፣ ዕጣው እኔ ላይ ወደቀ። የመተማን ፀሐይ የቻለ የትም ይችላል ብዬ ሄድሁ።

አሰልጣኛችን ግመል መሃል ተወልደው ያደጉ፣ ቀልድ የማያልቅባቸው ሰው ነበሩ። መጀመሪያ ቀን የነገሩን ዛሬም ጆሮዬ ላይ አለ። "ላም ጊዜዋ ሲደርስ እንቁላሏን ራሷ ትለቃለች፤ ወንድ መጣ አልመጣ ጉዳይዋ አይደለም። ግመል ግን ወንድ ካላገኛት እንቁላሏን ይዛ ትቀመጣለች። ስለዚህ ዘሩን ብቻ ብታስገቡላት ልፋት ነው። አስቀድማችሁ 'ወንድ አግኝቻለሁ' ብላ እንድታምን የሚያደርጋትን መርፌ ውጓት።" እንግዲህ ግመል ማዳቀል ማለት በአጭሩ ግመሏን ማሳመን ነው። ሰው ማሳመን ያቃተኝ ሴትዮ ግመል ላሳምን ተመልሼ መጣሁ።

ስመለስ ትንሽ የአልትራሳውንድ መሣሪያና ያንኑ የማሳመኛ መርፌ አንድ ብልቃጥ ብቻ ይዤ ነበር። ግን ግመል ይዳቀልልኝ የሚል ሰው ጠፋ። እዚህ አገር ግመል ያለው ሰው ወንድና ሴቱን አገናኝቶ ይተዋቸዋል፤ የኔ ጣልቃ መግባት ለምን ያስፈልገዋል? ቢሮ ውስጥ "የግመል ሚዜ" ብለው ስም አወጡልኝ። በገባሁ ቁጥር "ሚዜዋ መጣች፣ ሠርጉ መቼ ነው?" ይሉኛል። ብናደድ ይብስባቸዋል፣ ዝም ብልም አይተዉኝም። እኔ ደግሞ ቶሎ የምናደድ ሰው ነኝ፤ ይህን የገንዳ ውሃ ባጃጅ ነጂ ሁሉ ይመሰክራል።

ሐጂ የመጡት ይህ ስም በተለጠፈብኝ ሰሞን ነው። ከኮኪት ወዲያ ካለች መንደር የመጡ፣ ነጭ ጀለቢያ የለበሱ ሽማግሌ ናቸው። አግዳሚው ላይ ተቀምጠው የቢሮው ሰው ለምሳ እስኪወጣ ጠበቁ። ብቻችንን ስንቀር ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣

"ልጄ፣ ባለቤቴ ሞታብኛለች" አሉኝ።

ቢሮ የተሳሳቱ መሰለኝ። "ነፍስ ይማር አባቴ፤ ግን እዚህ የእንስሳት ጤና ነው" አልኋቸው።

"እሱማ አውቄ ነው የመጣሁ" አሉና ነገሩን ከሥሩ ጀመሩልኝ። ሲጋቡ ለባለቤታቸው የኒካ ጥሎሽ፣ መህር፣ ብለው የሰጡት አንዲት ናጋ ነበር። ናጋ እዚህ ድንበሩ አካባቢ ሴት ግመል ማለት ነው፤ ቃሉ ከማዶ፣ ከሱዳን የመጣ ነው። ከዚያች ናጋ ሴት ልጅ፣ ከልጇ ሌላ ሴት ልጅ እየተወለደ ቤቱ ወተት አጥቶ አያውቅም። ባለቤታቸው ልጆቻቸውን ያሳደጉት በዚሁ ወተት ነው። ኋላ አንዳንዶቹ ሞቱ፣ አንዳንዶቹ ማዶ ለግጦሽ እንደሄዱ ጦርነት ተነሥቶ እዚያው ቀሩ። አሁን ያለችው አንዲት ናት። እሷንም ሰሊጥ የጫነ መኪና ገጭቷት ዳሌዋን ሰብሯታል። አጥንቷ ገጥሞ ትሄዳለች፣ ትግጣለች፤ ወንድ ግመል ግን ቢጫናት አትችለውም፣ ትሰበራለች። ዕድሜዋም እየገፋ ነው።

"ባለቤቴ ስትታመም አንድ ነገር ነው ያለችኝ። 'ዘሯን እንዳታቋርጥብኝ' አለችኝ። እሺ አልኋት። ይኸው ቃሌ ተንጠልጥሎ ቀረ። አንድ ሴት ልጅ ትስጠኝ እንጂ ከዚያ ወዲያ አልጠይቅም።"

ሴት ይሁን ወንድ እኔ መምረጥ እንደማልችል ነገርኋቸው። "እሱን ለአላህ ተይው፤ አንቺ የድርሻሽን አድርጊ" አሉኝ። እሺ አልሁ። ሲወጡ ደስታዬን ለመደበቅ ጠረጴዛ መወልወል ጀመርሁ። በመጨረሻ ሠርግ አገኘሁ።

መጀመሪያ ናጋዋን ለማየት ስሄድ የተቀበለችኝ የሐጂ ልጅ ናት፤ የእኔ እኩያ ናት፣ አባቷን የምትጦር እሷ ናት። ናጋዋ ግራር ሥር ተንበርክካለች። መሣሪያዬን ይዤ ወደ ኋላዋ ስጠጋ ጥርሷን አሳየችኝ፣ ትንሽ ቆይታ ያመነዠከችውን ሣር ፊቴ ላይ ተፋችብኝ። ልጅቱ ጎትታ አራቀችኝና "ቆይ፣ አባቴ ይልበስ" አለች።

ምን ይልበሱ? ሐጂ ወደ ቤት ገቡ። ሲወጡ ጀለቢያቸው ላይ የሴት ቶብ ተከናንበው ነበር፤ ያንን የሱዳን ሴቶች ከራስ እስከ እግር የሚጠቀለሉትን ረጅም ጨርቅ። ቢጫ ነው፣ አረንጓዴ አበባ አለበት። ያንን የመሰለ ነጭ ጢም ከአበባው መሃል ብቅ ሲል አላስቻለኝም፣ ሳቅሁ። ሐጂ ምንም አልመሰላቸውም። ሄደው ከናጋዋ ራስ አጠገብ ተቀመጡ። ናጋዋ አፍንጫዋን ቶቡ ውስጥ ቀብራ ተነፈሰችና አንገቷን ጭናቸው ላይ ጣለች። እኔም ወደ ኋላ ዞሬ ሥራዬን ሠራሁ፤ አንድ ጊዜም አልተነቃነቀችም።

ነገሩን ልጅቱ አስረዳችኝ። ግመል ማለብ የወንድ ሥራ ነው የሚሉ ብዙ ናቸው፤ በዚያ ቤት ግን የሚያልቡት እናትየዋ ነበሩ፣ ሲያልቡ የሚለብሱትም ይህንን ቶብ ነበር። እሳቸው ሲሞቱ ናጋዋ ለማንም ወተቷን አልለቅም አለች። ሐጂ ቢጨንቃቸው አንድ ቀን የባለቤታቸውን ቶብ ለብሰው ገቡ፣ ለቀቀችላቸው።

"ግመል ሰውን በልብሱ ያውቃል" አሉ ሐጂ ሰምተው። "እሷስ ብትሆን ሞኝ አይደለችም። እኔ መሆኔን ታውቃለች። አውቃ ነው የምትታለልልኝ።"

ልጅቱ ግን ሌላ ብሶት ነበራት። ቶቡ እናትየዋ ከሞቱ ወዲህ ውሃ ነክቶት አያውቅም። "እንጠበው እላለሁ፣ እምቢ ይለኛል። እህቴ፣ እስቲ አንቺ ንገሪልኝ፣ ጠረኑ እኮ ጎረቤት ደርሷል" አለችኝ። ሐጂ የቶቡን ጫፍ ሰብሰብ አደረጉና "ከታጠበ ናጋዋ አታውቀውም" አሉ።  ለናጋዋ ብቻ እንዳልሆነ ሦስታችንም እናውቅ ነበር።

ወንዱ ግመል የተገኘው ከአንድ ጎጃሜ ገበሬ ነው። ሰሊጥና ማሽላ የሚያርስ፣ ለአረም ሠራተኞች ውሃ የሚያመላልስበት አንድ ግዙፍ ወንድ ግመል ያለው ሰው ነው። እዚህ አገር ለናጋዬ ወንድ ስጡኝ ያለን ሰው ማንም አይከለክለውም፣ የሚቀበለውም ነገር የለም። እሱም ወዲያው ፈቀደ። ግን እንዴት እንደምሠራ ስነግረው ግራ ተጋባ።

"እንደው ኧረ ተይ እቴ፣ ሙሽራዋ ሳትኖር ነው ሠርጉ?" አለኝ።

"ሙሽራዋ እቤቷ ናት። እኔ ሚዜ ነኝ፣ አደርሳለሁ" አልሁት። ስሙን ራሴ ተቀበልሁት ማለት ነው።

ቀኑ ደረሰ። ጠዋት ናጋዋን በአልትራሳውንድ አየኋት፤ እንቁላሏ በስሎ ልክ ሆኗል። ዕቅዴ እንዲህ ነበር፤ ዛሬ የማሳመኛውን መርፌ እወጋታለሁ፣ ከወንዱም ለሙከራ ያህል ዘር ወስጄ ጥራቱን አያለሁ። ነገ ደግሞ እንደገና ትኩሱን ወስጄ አዳቅላታለሁ። ብልቃጡን ከበረዶ ሳጥኑ አወጣሁና ቅዝቃዜው እንዲለቀው የነጭ ጋዋኔ ኪስ ውስጥ ከተትሁት።

ገበሬው ወንዱን ከትራክተሩ ተሳቢ ኋላ አስሮ ሐጂ ደጅ አምጥቶታል። ወንዱ ወራቱ ደርሶ ሃይጅ ሆኗል፤ ሴት ሲፈልግ እንዲያ ይሉታል። በሌላ ጊዜ ሕፃን የሚጎትተው እንስሳ አሁን አፉ አረፋ ብቻ ነው። ከጉሮሮው ቀይ ፊኛ የመሰለ ነገር በጉንጩ በኩል እያወጣ፣ ውሃ እንደሚፈላ ማሰሮ ይንቦቀቦቃል። የጎረቤት ናጋ አምጥተን አንበረከክንለት፤ እሷ ለሙከራው ብቻ ነበረች። በሞቀ ውሃ የተሞላውን መቀበያ ዕቃዬን ይዤ በጎን ተሸጎጥሁ። እሱ እንደመጣ አቅጣጫውን ወደ እኔ ዕቃ መለስሁት። ዘሩን ሰጠኝ። ሥራው ያለችግር አለቀ ብዬ ቀና ስል ግመሉ አንገቱን አዙሮ አየኝ።

ግመል አተኩሮ ሲያይ ደስ አይልም። ፊቱ ያለችውን ናጋ አየ፣ በእጄ የያዝሁትን ዕቃ አየ፣ ነገሩ ገባው። ከዚያ ተነሥቶ ወደ እኔ። ልጅ ሳለሁ እንኳ እንደዚያ ሮጬ አላውቅም። ግራሩን ዞርሁት፣ እሱም ዞረው። መጨረሻ የትራክተሩ ተሳቢ ላይ ወጥቼ ዕቃዬን ከፍ አድርጌ ቆምሁ። ገበሬው ልጓሙን ይዞ እስኪያርቀው ድረስ አረፋውን ልብሴ ላይ አራገፈብኝ። ከዚያ ወዲያ እኔን ባየ ቁጥር ያጓራል፤ ገበሬውን አልነካ፣ ሐጂን አልነካ፣ እኔን ብቻ።

"ቂም ያዘብሽ" አለኝ ገበሬው። "ነገ አያስጠጋሽም።"

"ነገ የነገ ነው" ብዬ በአረፋ የራሰውን ጋዋኔን አውልቄ ግራሩ ቅርንጫፍ ላይ ሰቀልሁና ናሙናውን በማይክሮስኮፕ ለማየት የሐጂ ዳስ ውስጥ ገባሁ። ናሙናው ሲወጣ ማር ነው፣ አይፈስም። እስኪቀጥን መጠበቅ አለብሽ። ጠብቄ ሳየው ግሩም ነበር፤ ሁሉም ይርመሰመሳል። ብቻዬን ፈገግ አልሁ።

ውጭ በዚያን ሰዓት ሐጂና ገበሬው ለእኔ ይጨነቁልኝ ነበር። ግመል ቂም ሲይዝ የሚደረግ ነገር አለ። ቂም የተያዘበት ሰው ልብሱን አውልቆ ይሰጠዋል፤ ግመሉ ልብሱን ረግጦ፣ ነክሶ፣ በደረቱ ደፍጥጦ ሲወጣለት ቂሙ ያልቅለታል፣ ሰውየውን በሰላም ይተወዋል። ይህን ለገበሬው የነገሩት ሐጂ ናቸው። ገበሬው ቀና ቢል ጋዋኔ ተሰቅሏል። ሐጂ አቀበሉት፣ እሱ የማሽላ አገዳ ጠቅጥቆ እጅና ሆድ ሠራለት፣ ገመድ አስሮ ወገብ አወጣለት፣ ወስዶ ከግመሉ ፊት አስቀመጠው። ሊነግሩኝ አላሰቡም፤ በጎ ሥራ ነው፣ ምን ይነገራል?

ጩኸት ሰምቼ ስወጣ ግመሉ እኔን እየገደለኝ ነው። እጄን ነክሶ ወረወረው። ሆዴ ላይ ሁለት ጉልበቱን አሳረፈ፣ ከዚያ ደረቱን ጣለብኝና ወዲያና ወዲህ አሸኝ። መጀመሪያ ሳቅሁ፣ እንባዬ እስኪመጣ ሳቅሁ። ገበሬው "አይዞሽ፣ በርታ እያልሁት ነው!" ይለኛል። በሳቄ መሃል እጄን ብልቃጡን ላወጣ ወደ ኪሴ ሰደድሁ። ኪስ የለኝም። ኪሴ ከግመሉ ሥር ነው።

ስናደድ የምናገረውን አላውቅም ይሉኛል። ሐጂን ደፍሬ ባልናገርም ገበሬውን አልማርሁትም። እሱ ትንሽ በትንሽ ከተሳቢው ኋላ ለመሰወር ሲሞክር "ግመል ሰርቆ አጎንብሶ የለም፣ ና ውጣ!" አልሁት። ግመሉ ወጥቶለት ሲነሣ ጋዋኑን አነሣነው። ብልቃጡ ዱቄት ሆኗል፤ መድኃኒቱን አገዳው ጠጥቶታል።

ሐጂ ጋዋኑን ተቀበሉኝና መሬት ላይ ተቀምጠው ስብርባሪውን በጣታቸው ይለቅሙ ጀመር። ምንም የሚተርፍ ነገር እንደሌለ እያዩ ይለቅማሉ። "ሌላ ይመጣል?" አሉኝ ቀና ሳይሉ። ይመጣል አልሁ፤ ግን እስኪመጣ እንቁላሏ ያልፋል፣ የወንዱም ወራት እያለቀ ነው። የሚመጣው ዓመት አለ ልላቸው አሰብሁና ናጋዋን አየኋት። ጥርሷ አልቋል። እሳቸውንም አየኋቸው። አላልሁም።

"ጥፋቱ የእኔ ነው" አሉ። "ጋዋኑን ያቀበልሁት እኔ ነኝ። ለባለቤቴ ምን እላታለሁ?" ንዴቴ እዚያው ጠፋ። ዞር አልሁ።

ዞር ስል እጄ ላይ ያለውን አየሁ። የሙከራውን ናሙና ቱቦ ይዤው ወጥቼ ኖሮ ጣቴ መሃል አለ፤ ጥራቱ ስለታየ የሚደፋ ነበር። ያን ጊዜ አሰልጣኛችን በቀልድ መሃል ጣል ያደረጉት ነገር ትዝ አለኝ። ናጋ እንቁላሏን የምትለቀው ለወንዱ ክብደት ብላ አይደለም፤ በዘሩ ፈሳሽ ውስጥ ያለ አንድ ነገር ነው አእምሮዋን የሚነግራት ብለው ነበር። ተሳቢው ላይ እንደገና ወጣሁ፤ ኔትወርክ የሚገኘው እዚያ ብቻ ነው። ደወልሁላቸው። የጋዋኑን ታሪክ ስነግራቸው ሳቃቸው አላቆም ብሎ ካርዴን ጨረሰብኝ። ሲያባራላቸው፣ ዘሩን ከፈሳሹ ለይቼ ፈሳሹን ብቻ ሥጋዋ ላይ እንድወጋት፣ እንዴት እንደማደርገውም አንድ በአንድ ነገሩኝ። "ብዙ ጊዜ ይሠራል" አሉኝ። "ሁልጊዜ" አላሉም።

ወርጄ ነገሩን አስረዳሁ። ገበሬው ከተሸሸገበት ብቅ አለ።

"እንግዲያ በእኔ ግመል የጠፋውን የእኔው ግመል ይካስ ነው የምትይው?"

"እሱ ነው" አልሁት።

"ፍርድ ነው" አሉ ሐጂ። ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አሉ።

የደም ናሙና የማጣራበት በእጅ የሚሽከረከር መሣሪያ አለኝ። እሱን ተሳቢው ጠርዝ ላይ አስሬ ገበሬውን አሽከርክር አልሁት፤ ካሳው ነው። ላቡ ጠብ እስኪል አሽከረከረ፣ ዘሩ ከታች ረጋ፣ ንጹሑ ፈሳሽ ከላይ ቀረ። ወስጄ ለናጋዋ ወጋኋት። ሐጂ ቶባቸውን ለብሰው አጠገቧ ነበሩ።

በነጋታው ወንዱን ልጠጋ ስል የገበሬውን ካኪ ኮት ለብሼ ነበር። ግመሉ አየኝ፣ አላጓራም፤ ዝም ብሎ ፊቱን አዞረ። ሐጂ "ወጥቶለታል" አሉ። እኔ ደግሞ ኮቱ ይሆናል ብዬ አሰብሁ። እስከ ዛሬ አልተስማማንም። ለማንኛውም ያን ቀን በሰላም ሰጠኝ፣ እኔም ሙሽራዋ ዘንድ አደረስሁ። ሐጂ ራሷን ይዘው ባለቤታቸው ሲያልቡ ያንጎራጉሩት የነበረውን ሊያንጎራጉሩላት ሞከሩ፤ ዜማው ጠፍቷቸው ልጃቸው ከኋላ ታርማቸዋለች። ቢሮ ስመለስ አለባበሴን አይተው "ሚዜዋ ኮት ለበሰች" አሉ። ውሻ ይጮሃል ግመል ይሄዳል ብዬ አለፍኋቸው።

የፀነሰች ናጋ ወንድ ወይም ሰው ሲጠጋት ጭራዋን ወደ ላይ ትሰቅላለች፤ አትንኩኝ ማለቷ ነው። ከተወሰነ ጊዜ በኋላ ስሄድ ልጅቱ በሩቅ በእጇ ምልክት ታሳየኛለች። ናጋዋን ጠጋ አልኋት። ጭራዋ ቀጥ ብሎ ተሰቀለ። በአልትራሳውንድም አየሁ፣ ፅንስ አለ። ለሐጂ ስነግራቸው "ካልታዘልሁ አላምንም አለች ሙሽራ" ብለው ሳቁብኝ። ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ከሶላት መልስ ሄደው እንደሚጠጓትና ጭራዋን እንደሚያዩ ልጅቱ ነገረችኝ።

ግመል ከዓመት በላይ ታረግዛለች። ክረምቱ መጣ፣ ጥቁሩ አፈር ሞተሬን እየዋጠ መንገዱ ተቆረጠ፣ ሰሊጡ ታጨደ፣ ሌላ በጋ ገባ። ሐጂ በየጊዜው ይደውሉልኛል። ስለ ናጋዋ አይጠይቁም፤ ስለ ላሞች ጤና፣ ስለ እናቴ ጤና ይጠይቁና መጨረሻ ላይ "እሷም ደህና ናት" ብለው ይዘጋሉ።

የመውለጃዋ ዕለት ንጋት ላይ ኮኪት ላም እያዳቀልሁ ነበር። ልጅቱ ደወለች፣ ጓንቴን ሳላወልቅ በረርሁ ማለት ይቻላል። ስደርስ ፀሐይ ገና መውጣቷ ነው፣ ነፋሱ ይቀዘቅዛል። ናጋዋ አምጣለች፤ የተሰበረ ዳሌዋ እንዳይከዳት ፈርቼ እጄን አስገብቼ ረዳኋት። ሐጂ ቶባቸውን ለብሰው ራሷን ይዘዋል። ወጣ። ረጃጅም እግር ብቻ የሆነ እርጥብ ነገር አሸዋው ላይ ወደቀና ሊነሣ ሞክሮ ተንሸራተተ።

ግመል እንደ ላም አይደለችም፤ የወለደችውን አትልስም። ታሸተዋለች እንጂ አታደርቀውም፤ ማድረቅ የሰው ሥራ ነው። ግልገሉ ይንቀጠቀጣል፣ አፍንጫው በውሃ ተደፍኗል። ልጅቱ ጆንያ ልታመጣ ወደ ቤት ሮጠች። ሐጂ ግልገሉን አዩ፣ የለበሱትን የቶብ ጫፍ አዩ።

"ሐጂ፣ ጆንያ እየመጣ ነው" አልኋቸው።

እሳቸው ግን ቶቡን ከራሳቸው አወረዱ፣ አንድ ጊዜ ፊታቸው ላይ ያዙት፣ ከዚያ ተንበርክከው ግልገሉን ጠቀለሉበት። አፍንጫውን ጠረጉ፣ ጆሮውን፣ ደረቱን፣ እግሩን አንድ በአንድ አደረቁ። ቢጫው ጨርቅ ደምና ውሃ ብቻ ሆነ። ልጅቱ ጆንያውን ይዛ መጥታ እንዳየች ባለችበት ቆመች።

ሲጨርሱ ግልገሉን ገልበጥ አድርጌ አየሁ። "ሴት ናት" አልሁ። ምን አለፋችሁ፣ አለቀስሁ። ሐጂ "አልሐምዱሊላህ" አሉና ቶቡን ጠቅልለው ለልጃቸው ሰጧት።

"በይ፣ አሁን እጠቢው" አሏት።

ያን ያህል ስትጨቀጭቅ የኖረች ልጅ ጨርቁን ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘችው።

እናቲቱንና ግልገሏን ለማየት ስመለስ ቶቡ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ልጅቱ ለብሳው አገኘኋት። ሳሙና ሳሙና ይሸታል። የማለቢያ ዕቃዋን ይዛ ወደ ናጋዋ ልትጠጋ ነው። ሐጂ ጀለቢያቸውን ብቻ ለብሰው ዳሱ ሥር ተቀምጠዋል፤ እኔም አጠገባቸው ተቀመጥሁ። ናጋዋ ልጅቱን አሸተተቻት። ቶቡን አሸተተች፣ ደግማ አሸተተች፣ ወደ ሐጂ ቀና ብላ አየች። ከዚያ ግልገሏ በአንድ በኩል፣ ልጅቱ በሌላው በኩል ሆነው ወተቷን ለቀቀች።

ልጅቱ ማንጎራጎር ጀመረች። ዜማው ትክክለኛው ነበር መሰለኝ፣ ሐጂ ጭንቅላታቸውን ዝቅ አደረጉ።

"እኔን ከእንግዲህ አትታለልልኝም" አሉኝ። ወተቱ ሲመጣ ግን የመጀመሪያውን ጣሳ እሳቸው ጠጡ፣ የቀረውን ለእኔ ሰጡኝ።